በስዊች ውስጥ ያለው ጨፋ

ሰኞ የባቲ ገበያ ቀን ነው። ከቆላ ግመል እየነዱ የመጡ አፋሮች፣ ከደጋ እህል ጭነው የወረዱ ገበሬዎች፣ ከከሚሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ነጋዴዎች ሜዳውን ሞልተውታል። የአንዲት ፍየል ዋጋ ተቆርጦ ገዢው ገንዘቡን በስልኩ ልኳል። «ገባልህ?» ይላል። ሻጩ ስልኩን አየት አድርጎ «ገና ነው» ይላል። ፍየሏ በመካከላቸው ቆማለች፤ ገመዷ ከሻጩ እጅ አልወጣም።

«ኔትወርክ ነው» ይባላል በዚህ ጊዜ፤ ዓይን ሁሉ ወደ ኮረብታው አንቴና ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ በገበያ ቀን አንዱን አንቴና ብዙ ሺህ ስልክ ይሻማበታል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ግን ማንም ቀና ብሎ ስለማያየው ሌላ መንገድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ቀዝቃዛ ክፍል፣ በሰርቨርና በመረጃ ማከማቻ መካከል የተዘረጋች፣ ከሃያ ሜትር የማትበልጥ መንገድ ናት።

እስቲ ርቀቱን፣ ከነጋዴዎቹ አንዳንዶቹ ከመጡባት ከከሚሴ ተነሥተን እናስላ። ከከሚሴ አዲስ አበባ በመኪና መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ፋይበሩ የመኪናውን መንገድ ተከትሎ በሸዋ ሮቢት፣ በደብረ ሲናና በደብረ ብርሃን ቢያልፍ፣ አዲስ አበባ ለመድረስ 2 ሚሊሰከንድ አይሞላበትም። ሚሊሰከንድ የአንድ ሰከንድ አንድ ሺኛ ነው። ደርሶ መልሱ ከ4 ሚሊሰከንድ በታች ያልቃል ማለት ነው።

አሁን ወደዚያች ክፍል እንግባ። ከማከማቻው ወደ ሰርቨሩ ከሚጓዙት የመረጃ ጥቅሎች (ፓኬት ይባላሉ) አንዷ፣ መሐል ላይ ያለው ስዊች ማስቀመጫ አጥቶላት ወደቀች እንበል። ላኪው መውደቋን የሚጠቁመው ፍንጭ ካላገኘ፣ መልሶ የሚልካት የጥበቃ ጊዜው ሲያልቅ ነው። በሊኑክስ ማሽኖች ላይ የዚህ ጥበቃ የተለመደው ዝቅተኛ ወሰን 200 ሚሊሰከንድ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ብርሃኑ ከከሚሴ አዲስ አበባ ከ50 ጊዜ በላይ ደርሶ ይመለሳል። 325 ኪሎ ሜትሩን በአንድ ጥቅሻ የጨረሰ መልእክት ሃያ ሜትሯ ላይ ተቀምጦ ይቆዝማል። ይህን ሒሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ በወረቀት ላይ ስሠራው ተሳስቼ መስሎኝ ደግሜ አስልቼዋለሁ።

ለመሆኑ ያች ሃያ ሜትር ከየት መጣች? ድሮ መረጃው የሚቀመጥበት ዲስክ የሰርቨሩ ሆድ ውስጥ ነበር። ነጋዴ ዕቃውን በሱቁ ጓዳ እንደሚያስቀምጠው ማለት ነው። ሱቁ ሲቃጠል ዕቃውም አብሮ ይቃጠላል፤ ጓዳው ሲሞላ የጎረቤት ጓዳ ባዶ ቢሆንም አይጠቅምም። ስለዚህ ተለያዩ። የሚያሰላው ማሽን በአንድ ረድፍ ቆመ፤ የሚያስቀምጠው ማሽን፣ ባለሙያዎቹ ስቶሬጅ የሚሉት፣ የብዙ ሰርቨሮች የጋራ መጋዘን ሆኖ በሌላ ረድፍ ቆመ። ሁለቱን የሚያገናኘው ስቶሬጅ ኔትወርክ ይባላል። መገናኛ አደባባዩ ደግሞ ስዊች ነው፤ ከፊቱ ፖርት የሚባሉ በርካታ ቀዳዳዎች ያሉት ጠፍጣፋ የብረት ሣጥን።

አንዲት ክፍያ በዚህ አደባባይ ደጋግማ ትመላለሳለች። የገዢው ቀሪ ሒሳብ ይነበባል፤ ቅናሹ ይጻፋል፤ የሻጩ ጭማሪ ይጻፋል፤ የሥራው መዝገብ ይጻፋል። ጥንቁቅ የሆነ የክፍያ ሥርዓት ደግሞ ጽሑፉ በሁለተኛ ማከማቻ ላይም መስፈሩን ሳያረጋግጥ «ተሳክቷል» የሚለውን መልእክት አይልክም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል ከአዲስ አበባ አልፎ የወረዳ ገበያ ልማድ ሆኗል። በአዲስ አበባው የአይሲቲ ፓርክም እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ የግል ዳታ ሴንተሮች ተከፍተዋል። ስለዚህ ነገሩ የአዲስ አበባ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሃያ ሜትሯ የባቲዋን ፍየል ትመለከታለች።

የስቶሬጅ ትራፊክ ጠባዩ ለየት ያለ ነው። በቪዲዮ ሲነጋገሩ አንድ ጥቅል ቢወድቅ ምስሉ ትንሽ ይደበዝዛል እንጂ ማንም አይጎዳም። ዲስክ ግን እንዲህ ያለ ይቅርታ አያውቅም። ሰርቨሩ ዲስኩን የሚያየው እንደ ገዛ አካሉ ነው፤ ጠይቆት መልስ ሲዘገይበት ሥራውን አቁሞ ይጠብቃል፤ በጣም ሲዘገይበት ዲስኩ የተበላሸ ይመስለዋል። ሁለተኛው ጠባዩ ሁሉም በአንድ ላይ መናገሩ ነው። አንድ ትልቅ ፋይል በ16 ማከማቻዎች ላይ ተከፋፍሎ ተቀምጦ ከሆነ፣ ሰርቨሩ አንዴ «አምጡ» ሲል 16ቱም በዚያችው ቅጽበት ያመጣሉ። ባለሙያዎች ይህን ኢንካስት ይሉታል። በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ አጥንተውት፣ መስመሩ ሳይሞላ ሥራው የሚቆምበት ምክንያት ያችው የ200 ሚሊሰከንድ ጥበቃ እንደሆነች አሳይተዋል።

እዚህ ላይ ከሚሴን የሚያውቅ አንባቢ ከእኔ የበለጠ የሚረዳው ነገር አለ። የቦርከና ወንዝ ከደሴ በላይ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ ከሚሴ አጠገብ ወዳለው ጨፋ ሜዳ ይወርዳል። በክረምት ከየተራራው የሚመጣው ጎርፍ ሁሉ አንድ ላይ ሲደርስ ወንዙ በቦዩ ብቻ ሊያሳልፈው አይችልም። የሚቀበለው ጨፋ ነው። ውኃው በሜዳው ላይ ይተኛል፣ ይንጣለላል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ አዋሽ አቅጣጫ ይወርዳል። በበጋ ደግሞ የኦሮሞ፣ የአፋርና የአርጎባ ከብቶች የሚሰማሩበት ለምለም ሣር ያ ያደረ ውኃ የሚያበቅለው ነው። ጨፋ ባይኖር ክረምቱ ለታችኛው አገር ሌላ ክረምት በሆነ ነበር።

እያንዳንዱ ስዊች በሆዱ ውስጥ ትንሽ ጨፋ አለው። ባፈር ይባላል። የገባው ከሚወጣው ሲበዛ ትርፉ የሚተኛበት ማህደረ ትውስታ (ሚሞሪ) ነው። ስፋቱን ስናይ ግን እንደነግጣለን። ለ10 ጊጋቢት መስመሮች በሰፊው ሲያገለግል የኖረው የብሮድኮም ትራይደንት 2 ቺፕ ያለው ባፈር 12 ሜጋባይት ነው። ይኸውም ለአንድ ፖርት ሳይሆን ለሁሉም ፖርቶች በጋራ። ከአንዲት የስልክ ፎቶ ብዙም አይበልጥም።

ቁጥሩን በቅርብ እንመልከተው። 16 ማከማቻዎች እያንዳንዳቸው 256 ኪሎባይት ይዘው ለአንድ ሰርቨር በአንድ ጊዜ መልስ ሰጡ እንበል፤ ድምሩ 4 ሜጋባይት ነው። ሁሉም መስመር 10 ጊጋቢት ከሆነ፣ 4ቱ ሜጋባይት ስዊቹ ውስጥ ገብቶ ለማለቅ 0.2 ሚሊሰከንድ ይበቃዋል። ወደ ሰርቨሩ የሚወጣው መስመር ግን አንድ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚያስወጣው 0.25 ሜጋባይት ብቻ ነው። የቀረው 3.75 ሜጋባይት ባፈሩ ላይ መተኛት አለበት። 12 ሜጋባይት ስላለን የሚበቃ ይመስላል።

አይበቃም። ስዊቹ አንዱ ፖርት ባፈሩን ጠቅልሎ እንዳይወስድ ይከላከላል። የተለመደው ደንብ ለእያንዳንዱ ወረፋ «በዚህ ሰዓት ባዶ ከሆነው ቦታ ልክ ያህል ብቻ መያዝ ትችላለህ» ይላል። አንድ ወረፋ ብቻውን ሲያብጥ ባፈሩ እኩሌታ ላይ ይቆማል፤ 6 ሜጋባይት አገኘ ማለት ነው። ሁለት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 4 ያገኛሉ፤ አሁንም ለ3.75 ይበቃል። ሦስት ሰርቨሮች በአንድ ቅጽበት ቢጠይቁ ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 3 ሜጋባይት ነው፤ ትርፉ ይወድቃል። ልብ በሉ፣ በሦስቱም ጊዜ ደንቡ ጥቂት ቦታ ባዶ አስቀርቷል። ይህን ደንብ ያወጡት መሐንዲሶች የገባቸው ነገር ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነው፤ የማቆያ ጥቅሙ ባዶነቱ ነው። አስቀድሞ ውኃ የተኛበት ጨፋ የነገን ጎርፍ አይቀበልም።

ቁጥሮቹ ሌላም ነገር ይነግሩናል። ይህ የ4 ሜጋባይት ጎርፍ በየ20 ሚሊሰከንዱ አንዴ ቢመጣ፣ በአማካይ በሰከንድ 200 ሜጋባይት ነው፤ የ10 ጊጋቢቱን መስመር 16 በመቶ ብቻ ይይዛል። ብዙ መሥሪያ ቤት ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው ግራፍ በየ5 ደቂቃው የሚለካ አማካይ ነው። ግራፉ «መስመሩ 84 በመቶ ባዶ ነው» ይላል፤ ጥቅሎቹ እየወደቁ ነው። ግራፉ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን ነው የመለሰው። የባቲን ገበያ በሳምንቱ ሰባት ቀን አካፍሎ «በአማካይ ብዙ ሰው የለም» እንደማለት ነው። ስለዚህ የስቶሬጅ ስዊች የሚጠብቅ ሰው መጀመሪያ የሚመለከተው የወደቁ ጥቅሎችን ቆጣሪ ነው፤ ቀጥሎ የባፈሩን ከፍተኛ ደረጃ። አማካዩ ሦስተኛ ይመጣል።

መድኃኒቱስ? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ትልቅ ባፈር ያለው ስዊች መግዛትን ነው። አንዳንዴ ይረዳል፤ ግን ሰፊ ማቆያ ሁልጊዜ ሞልቶ የሚኖር ከሆነ ያተረፍነው ረጅም ወረፋ ነው። እኔ የምመርጠው ቅደም ተከተል ሌላ ነው።

መጀመሪያ መለየት። የስቶሬጅ ትራፊክ ከሌላው ጋር በአንድ ወረፋ መቆም የለበትም። የራሱ ምልክት ተሰጥቶት፣ በስዊቹ ውስጥ የራሱ ወረፋና የራሱ ድርሻ ይኑረው። አቅም ያለው ድርጅት ሙሉ ለሙሉ የተለየ ኔትወርክ ይሠራለታል። እ.ኤ.አ. በ1994 ደረጃው የጸደቀው ፋይበር ቻናል የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው፤ በዚያ ሥርዓት ተቀባዩ «ይህን ያህል ቦታ አለኝ» ብሎ ሳይፈቅድ ላኪው ምንም አይልክም፤ ስለዚህ በመጨናነቅ የሚወድቅ የለም ማለት ይቻላል። መሣሪያው ግን ውድ ነው፤ ባለሙያውም እንደ ልብ አይገኝም። በተራው ኢተርኔት ላይ የሚሠራ የብዙው ሰው ጉዳይ ሌላ ነው።

ለኢተርኔት የተፈጠረው ዘዴ «ቁም» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የጸደቀው 802.1 ኪውቢቢ የተባለው ደንብ ትራፊኩን በ8 ክፍል መድቦ፣ ባፈሩ ሊሞላ ሲል ለአንዱ ክፍል ብቻ «ቁም» የሚል ምልክት ወደ ኋላ ይልካል። ሌሎቹ ክፍሎች መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ምንም አይወድቅም። ጥሩ ይመስላል፤ ጥሩም ነው፤ ግን መዘዙን የማያውቅ ሰው እንዳይነካው እመክራለሁ።

ከደሴ የሚወርደው መንገድ ኮምቦልቻ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ባቲ፣ ሌላው በሀርቡ ወደ ከሚሴ። ሀርቡ ላይ አንድ ከባድ መኪና ቢገደም ከኋላው ያለው ይቆማል፤ የቆመውን ተከትሎ ሌላው ይቆማል፤ ሰልፉ ኮምቦልቻ ደርሶ መገንጠያውን ሲያልፍ ባቲ የሚሄደውም ሾፌር ተይዞ ይቀራል። የእሱ መንገድ ባዶ ነው፤ እሱ ግን መገንጠያው ላይ መድረስ አልቻለም። «ቁም» የሚለው ምልክትም ከስዊች ወደ ስዊች እንዲሁ ወደ ኋላ ይጓዛል፤ ከጭንቅንቁ ጋር ምንም የማይገናኘውን ያቆማል። የማይክሮሶፍት መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት አንድ የተበላሸ የኔትወርክ ካርድ ያለማቋረጥ «ቁም» እያለ ብዙ ሰርቨሮችን ሊያግድ እንደሚችል ከገዛ ዳታ ሴንተራቸው ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ ስዊቾች ምልክቱ የሚበዛበትን ፖርት ችላ የሚል ጠባቂ ተሠርቶላቸዋል። ይህ ጠባቂ ሳይከፈት «ቁም»ን መክፈት ትልቅ ስሕተት ነው።

እኔን የሚያረካኝ መድኃኒት ሦስተኛው ነው፤ ሳይሞላ መንገር። ስዊቹ ወረፋው ማደግ ሲጀምር የሚያልፉትን ጥቅሎች አይጥልም፤ አያቆምም፤ ግንባራቸው ላይ ትንሽ ምልክት ያደርጋል። ተቀባዩ ምልክቱን አይቶ ለላኪው ያሳውቃል፤ ላኪው ፍጥነቱን ይቀንሳል። የምልክቱ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ነው። ለዳታ ሴንተር የተመቸው አጠቃቀሙ ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ከማይክሮሶፍትና ከስታንፎርድ በወጣ ሥራ መጣ፤ ላኪው ስንቱ ጥቅል ምልክት እንደያዘ ቆጥሮ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ጥቂት ምልክት፣ ጥቂት ቅነሳ። በዚያ ሥራ ለ10 ጊጋቢት መስመር የተመረጠው የምልክት መነሻ 65 ጥቅል ነበር፤ ወደ 100 ኪሎባይት ማለት ነው። ከላይ ካየነው 3 ሜጋባይት ጋር ሲነጻጸር ወረፋው ገና እግሩን ሳይዘረጋ ነው የሚነገረው። ባፈሩም ብዙውን ጊዜ ባዶ ይሆናል፤ ድንገተኛው ጎርፍ ሲመጣ መተኛ ያገኛል።

ይህም ፍጹም አይደለም። ያ የ0.2 ሚሊሰከንድ ጎርፍ አንዳንዴ ምልክቱ ደርሶ ሳይመለስ ያልቃል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይሠራሉ፤ ምልክቱ ቀድሞ እንዲነቃ ዝቅ ተደርጎ ይተከላል፤ «ቁም» የሚለው ከፍ ብሎ፣ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ «ቁም» ሁልጊዜ ይቀድማል፤ የሀርቡ ሰልፍ የየቀን ኑሮ ይሆናል።

ስለ ጥቅሎቹ መጠንም አንድ ነገር ልበል። የተለመደው የኢተርኔት ጥቅል 1,500 ባይት ይይዛል፤ ለስቶሬጅ ወደ 9,000 ማሳደግ ይቻላል። 1 ጊጋባይት ለማስተላለፍ ወደ 685,000 ጥቅል ያስፈልግ የነበረው ወደ 112,000 ይወርዳል፤ የሰርቨሩ ልፋት ይቀንሳል። ነገር ግን በመንገዱ ላይ ያለ ስዊችና ካርድ በሙሉ መስማማት አለበት። አንዱ በ1,500 ከቀረ ትንንሹ መልእክት ያልፋል፣ ትልቁ ጽሑፍ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ይህ ደግሞ ለመርማሪ አስቸጋሪ ሕመም ነው። ፈተናው ቀላል ነው፤ 8,972 ባይት የተጫነበት ፒንግ (የሙከራ መልእክት) እንዳይቆራረጥ ከልክሎ መላክ። የቀረው 28 ባይት የጥቅሉ ራስጌ (ሄደር) ነው። ካለፈ መንገዱ ሁሉ ሰፊ ነው።

ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወይም ሌላ ቦታ የሚማር ወጣት ይህን ሁሉ ለማየት ዳታ ሴንተር መግባት አያስፈልገውም። ሚኒኔት የተባለው ነጻ ፕሮግራም በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ስዊችና ሰርቨሮችን ይሠራል፤ አይፐርፍ በተባለው ደግሞ ከ16ቱ ወደ አንዱ በአንድ ጊዜ መላክ ይቻላል። ባፈሩን እያጠበቡ ሥራው ሲወድቅ ማየት፣ ከዚያ ምልክቱን ከፍቶ ሲያገግም ማየት፣ ከአንድ ሴሚስተር ንባብ የሚልቅ ትምህርት ነው።

እኔ የተማርኩት በዚህ ምቹ መንገድ አይደለም። ከዓመታት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ማታ ማታ ሥራ ይቆማል ተብሎ ተጠራሁ። ክፍሉ ውስጥ አንድ ባለ 48 ፖርት ስዊች፣ አንድ ማከማቻ፣ 14 ሰርቨሮችና የግቢው ካሜራዎች በሙሉ አብረው ተሰክተዋል። ግራፉ 20 በመቶ ያሳያል። ክፍሉን የሚጠብቀው ወጣት «ጋሼ፣ መስመሩ እኮ ባዶ ነው፤ እኛም እንደዚያ ነው ያልናቸው» አለኝ። ወደ ማከማቻው የሚወስደውን ፖርት ቆጣሪ ከፈትንና በየ10 ሰከንዱ የወደቁትን ቁጥር በወረቀት መጻፍ ጀመርን። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስኪሆን ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ልክ 12 ሲሞላ ዘለለ። ዳግም ዘለለ። ወጣቱ እስክሪብቶውን ይዞ ቀረ።

የ14ቱም ሰርቨሮች ባክአፕ በ12 ሰዓት እንዲጀምር ታዟል። ትእዛዙን የጻፈው ሰው አንዱን ሰርቨር ሠርቶ ሌሎቹን ከእሱ ገልብጧቸዋል፤ ማንም ያደርገዋል። የሰርቨሮቹን መነሻ በ20 በ20 ደቂቃ አራራቅነው፤ የመጨረሻው ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ20 ላይ ይነሣል። ካሜራዎቹን ነቅለን መጋዘን ውስጥ ወደተገኘ አሮጌ ስዊች አዛወርናቸው። አዲስ ዕቃ አልተገዛም። በማግስቱ ማታ ወጣቱ እስኪነጋ ቆጣሪው ፊት ተቀመጠ፤ ጠዋት ስመጣ ወረቀቱን አሳየኝ። ከላይ እስከ ታች በየ10 ደቂቃው የጻፈው ያንኑ አንድ ቁጥር ነበር።